አሥር ቋጠሮ ሳይላላ

ቢቸና ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሰልጣኝ ሳለሁ ከሥራ ስወጣ የታጠቁ ሰዎች ያዙኝ። ጋዎኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። «ቁስለኛ አክመሃል» አሉኝ። አክሜያለሁ፤ የማን ወገን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።

ከሌሎች እስረኞች ጋር ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ወለሉ ላይ የቀረው የጤፍ ገለባ ካልሲዬ ውስጥ እየገባ ያሳክከኛል። መቀመጥ አልቻልኩም። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ ያሳልፉኝ ነበር።

የሚያሠለጥኑኝ ሐኪምም እዚያው ነበሩ። ሲይዟቸው እጃቸውን የኋሊት አጥብቀው ስላሰሯቸው ጣቶቻቸው አብጠው ብርጭቆ እንኳ አይጨብጡም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከሞጣ የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ክንዱን የተቀደደ ቆርቆሮ ሸረከተው። ጠባቂው ከጤና ጣቢያ መርፌ፣ ክር፣ ጓንትና ማደንዘዣ አምጥቶ «እናንተው ስፉት» አለ።

ብድግ ስል ሐኪሙ «ቆይ» አሉኝ። «ቋጠሮህ መች አለፈ?»

አላለፈም። እሳቸው ዘንድ ስንት ወር ቆየህ የሚባል ነገር የለም፤ አሥር የስፌት ቋጠሮ በተከታታይ ሳይላላበት ያልቋጠረ የሰው ገላ አይነካም። እኔ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነበር የምሰናከለው።

«ዶክተር፣ ሰውየው ቆስሎ እያየን?»

«ተጭነን ይዘንለታል፤ ደሙ ቆሟል። አንተ ቋጥር።»

ከብርድ ልብስ ክር መዝዤ የበሩ ብረት ላይ ጀመርኩ። አራተኛው ላላ።

«ከአንድ ጀምር።»

ስምንተኛውም ላላ።

«ቀኝህ ይቀድማል። ሁለቱን እኩል ሳብ። ከአንድ።»

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነጋዴው ክንዱን ወደ ላይ እንደያዘ ጣቶቼን ያያል። «አትቸኩል ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ክንዱ የኔ ነው።»

ጠባቂው በሩን ደበደበ። «አሁን ካልጨረሳችሁ ዕቃውን እወስዳለሁ።»

ዘጠነኛው ላይ ነበርኩ። ጠባቂው ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ቀና ብዬ አየሁትና «አንድ ቀረኝ» አልኩት። ዕቃውን ሳይነካ በሩ ላይ ቆመ።

አሥረኛው ያዘ። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው ክሩን በጥርሳቸው ሳብ አድርገው ፈተኑት፤ ከዚያ በአገጫቸው ወደ ነጋዴው አመለከቱኝ። ጓንቱን አጥልቄ ሰፋሁት። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ዳነ።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ የራሴ ሰልጣኞች አሉኝ። ገና ያልበቃ ሰልጣኝ በሽተኛው ፊት ቆሞ «እኔ ልሥራው» ብሎ ሲለምነኝ፣ አይሆንም ማለት ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ይከብደኛል። አይሆንም እላለሁ፤ ያን ጠባቂ እንዳየሁት ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት ግን እስካሁን አልቻልኩም።