አርባኛዋ ካርድ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ማስታወቂያ ሊለጥፉ ሲሉ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ምድጃ ላይ ይጥዳሉ፤ የዚያ ሙጫ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበለኛል። ሌሎቹ መምህራን አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ፣ እኔ ግን ደብተሬን እንዳቀፍኩ እቆማለሁ። አክስቴ፣ ጋዜጣ የለበሰው ግድግዳችንና ሠላሳ ዘጠኙ ካርዶቼ አንድ ላይ ይመጡብኛል።

እናቴ ዓረብ አገር ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ከታላቅ እህቷ ከእትዬ አዛለች ጋር ቀረሁ። እትዬ ደግ ነበሩ፣ ጨዋታ ግን አልፈጠረባቸውም፤ ገበያ ገብስና ድንች ሲሸጡ ውለው፣ አመሻሹ ላይ ደክመው ገብተው፣ ነጠላቸውን እያጠፉ «በላሽ?» ይሉኝ ነበር፤ «በልቻለሁ» እላቸው ነበር። በቃ፣ የቀኑ ወሬያችን ይኸው ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት፣ የጉና ጉም እስከ ደጃችን ወርዶ ጎረቤት እንኳ በማይታይበት ሰሞን፣ ከዚያው አገር የተመለሰች አንዲት የሐሙሲት ሴት የእናቴን ዕቃ አደረሰችልን። ከሳሙናውና ከሻሹ መሐል አራት ካርዶች ወጡ። እናቴ የምትሠራበት ቤት ልጅ የሚሰበስባቸው ኖረዋል፤ ሲደጋገሙበት ለእሷ ይሰጣት ነበር። ፊታቸው ላይ የትም ዱር የማይገኝ ባለቀንድ፣ ባለክንፍ፣ እሳት የሚተፋ አውሬ ተስሎ፣ ከሥሩ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ከአርባ ስንተኛ እንደሆነ ተጽፎበታል። ጀርባቸው ነጭ ነበር፤ በዚያ ነጭ ላይ እናቴ የቃሉን ትርጉም በእርሳስ ጽፋልኝ ነበር።

እናቴ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች ሴት ናት። ልጁ ቃሉን በዓረብኛ ሲነግራት እሷ ወደኛ ቋንቋ፣ ኧረ እንዲያውም ወደኛ ቤት ትመልሰው ነበር። «ፍሮስት፦ ውርጭ። የጉና ጠዋት።» «ስቲም፦ እንፋሎት። ወንዛዬ ጠበል ስወስድሽ ፈርተሽ ያለቀስሽበት።» አንዷ ካርድ ጠርዟ የብር ቀለም ነበረው፣ «ሬር» የሚል ታትሞባታል። ጀርባዋ ላይ «እንደ ልብ የማይገኝ። እዚህ ቤት ውስጥ፣ አማርኛ» ይላል። ይህን ሳነብ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አልጋዬ ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

ስልክ በወር አንዴ ትደውል ነበር፤ እሱንም እትዬ ጮኸው ጮኸው ሲጨርሱት ለእኔ «ደህና ነሽ?» እና «ደህና ነኝ» ብቻ ይተርፈኝ ነበር። እናቴ በእውነት የምታወራኝ ከዚያ አገር በሚመለስ ሰው ሁሉ በምትልካቸው ካርዶች ጀርባ ነበር። በጋ ሲገባ ልጆቹ ሁሉ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ይዘው አጥር ሥር ይለዋወጡ ነበር፤ የኔን አውሬዎች አይቶ «ወግጂ፣ ጋኔን ሰብሳቢ!» የማይለኝ አልነበረም። ስለዚህ ከራሴ ጋር እለዋወጥ ነበር፤ አንዷን ካርድ በቀኝ፣ ሌላዋን በግራ ይዤ፣ ቃሉን ጮክ ብዬ ጠርቼ፣ መልሱን በእናቴ ድምፅ እመልሳለሁ። የእናቴ ድምፅ ሲጠፋብኝ ደግሞ ካርዷን ገልብጬ ጽሕፈቷን በጣቴ እከተላለሁ።

በሦስተኛው ክረምት ሠላሳ ዘጠነኛዋ መጣች። ጀርባዋ ላይ ከትርጉሙ በታች እንዲህ ይላል፦ «አርባኛዋ በሰው የምትላክ አይደለችም። ለእንቁጣጣሽ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።»

ነሐሴን እንዴት እንደገፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ለዘመን መለወጫ ግድግዳን በአዲስ ጋዜጣ ማልበስ የሰፈራችን ወግ ነበርና፣ ጳጉሜን ላይ እትዬ ጋዜጣ ለምነው አምጥተው፣ እኔን ውኃ ልከውኝ ሥራ ጀመሩ። ጀሪካኔን ተሸክሜ ስመለስ ሠላሳ ዘጠኙም ካርዶቼ አውሬያቸውን ወደ ውጭ፣ የእናቴን ጽሕፈት ወደ ግድግዳው አድርገው በሊጥ ሙጫ ተለጥፈዋል። መጨረሻ ላይ ለአርባኛዋ የሚሆን ክፍት ቦታ ትተውላታል።

«እናትሽ ስትገባ ዓይኗ እዚህ ላይ ይረፍ ብዬ ነው፤ አያምርም?» አሉኝ።

«ጀርባው! የማነበው እኮ ጀርባውን ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ጀርባው ምን አለው? የእርሳስ ጭረት አይደል እንዴ፣ ሆዴ?»

እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። አንዷን ካርድ በጥፍሬ ልገነጥል ስታገል ሥዕሉ ለብቻው ተልጦ እጄ ላይ ቀረ፤ የእናቴ ጽሕፈት ከግድግዳው ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሌላዋን ለመንካት አልደፈርኩም። እትዬ በሙጫ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው «ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ» ሲሉ እያየሁ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወጣሁ። ክፉ ልጅ ነበርኩ።

እናቴም ለእንቁጣጣሽ አልመጣችም። አሠሪዎቿ ኮንትራቷን ሁለት ዓመት አራዘሙት፤ ካርድም ከዚያ በኋላ አልመጣም። አደይ አበባው አብቦ ረገፈ፣ ያቺ ባዶ ቦታ ከአልጋዬ ትይዩ አፍጥጣ ታየኝ ነበር። እልህ ያዘኝ። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ከእንግዲህ ማንም ምንም እንዲነግረኝ አልፈልግም ብዬ፣ ገጽ በገጽ ሸመደድኩት። በሁለት ዓመት ጨረስኩት፤ ክፍሉ ሁሉ «ፈረንጇ» ይለኝ ጀመር፣ አብሮኝ የሚቀመጥ ግን አልነበረም።

ኮንትራቷ ባለቀበት ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እናቴ መጣች። ከስታለች፣ አማርኛዋ ውስጥ ዓረብኛ ይገባባታል፤ እንግዶቹ ሲወጡ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አየችና ከደረቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አርባኛዋ! ጠርዟ ብር፣ አንዲት ግዙፍ ወፍ ጫጩቶቿን በክንፏ አቅፋ። ቀድሜ ጀርባዋን ገለበጥኩ። ነጭ ነው።

«ምነው ምንም አልጻፍሽበትም?»

«ይቺንማ በአፌ ልነግርሽ ብዬ ነው። ስንት ጊዜ አሰብኩበት መሰለሽ!» አለችና ተመቻችታ ተቀመጠች። «ሼልተር ማለት...»

«መጠለያ» አልኩ ከአፏ ነጥቄ። «አውቀዋለሁ። መዝገበ ቃላቱን እኮ ጨርሼዋለሁ።»

የተከፈተ አፏን መልሳ ገጠመች። ከዚያ ፈገግ አለች። «ጎበዝ» አለችኝ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ።» ካርዷን በመዳፏ አለሳልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እትዬ ሙጫውን ልበጥብጥ ወይ ቢሉ ካርዷን ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት።

እትዬ ካረፉ ቆዩ፤ ግድግዳውም ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኛለሁ። በየዓመቱ ያችን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «መጠለያ!» ይላሉ፣ ልክ ናችሁ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ጨክኜ፣ «እማዬ፣ ያኔ ምን ልትይኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ረሳሁት» አለችኝ፣ ዓይኗን ከእጅ ሥራዋ ሳታነሳ።

የካርዷ ጀርባ ዛሬም ነጭ ነው። ያኔ እናቴ ባሕር ማዶ ሆና ስለ ውርጩም ስለ እንፋሎቱም ታወራኝ ነበር። አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ ከሥራ ስገባ «በላሽ?» ትለኛለች፣ «በልቻለሁ» እላታለሁ።