ለሃርሎ ልጆች ብቻ

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ በተላለቁበት በዚያ ጦርነት የከተማችን የሃርሎ ወንዶች በጠመንጃ ሲዋጉ ሴቶቹ በመርፌ ተዋጉ። ሰነፎች ነበሩ የሚላቸው የለም። በመጀመሪያው ዓመት ወታደሩን ፀሐይ እንዳይመታው ብለው ሦስት መቶ የማጅራት መሸፈኛ ጨርቅ ሰፍተው ላኩ። ወታደሩ ቡናውን አጠለለበት። ይህ ወሬ ሲደርስ የሴቶቹ የመርጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሎቪና ክራንዶል፣ "እንግዲያው ልጆቻችን የሚጠጡት የጠራ ነው" ብለው ሌላ ሁለት መቶ አዘዙ።

ማኅበሩ ለስፌት ሲሰበሰብ ኬቱራ ስታብስ የምትቀመጠው ከአግዳሚው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። ቦታውን የመረጡላት ሌሎቹ ናቸው። በርሜል ሠሪው ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ሳይሸጣቸው በቀሩት በርሜሎች ሽንኩርትና ጎመን በኮምጣጤ እየዘፈዘፈች ነበር የምትኖረው፤ እጇን የቱንም ያህል ብትፈትገው ሽታው አይለቅም። በበረዶ ወር እንኳ "ትንሽ አየር ይግባ" ይባልና ያ መስኮት ይከፈታል። እሷም ነገሩ ገብቷት ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ ስፌቷን ትቀጥላለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ኤልካና ይባላል፤ ከከተማው ልጆች ጋር ዘምቷል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ከወንዙ ታች ካለ የጦር ሆስፒታል ደብዳቤ መጣላት።

"እማ፣ ይህን የሚጽፍልኝ ከጎኔ የተኛው ጆተም ነው፤ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጥይት አላገኘኝም። ግን እግሬ ጠቁሯል፣ ድዴ አብጦ ጥርሴን ውጦታል። ትናንት ደረቅ ብስኩት ስነክስ አንዱ ጥርሴ እዚያው ተሰክቶ ቀረ። ሐኪሙ አትክልት ከማጣት የመጣ ነው፣ መድኃኒቱ ሽንኩርት ነው፣ ካላገኘህ አትነሳም ይለኛል። ሽንኩርት የለም። ስለ መጠጥ ክፋት የሚሰብክ ወረቀት ግን ሞልቶናል።"

ኬቱራ ደብዳቤውን ማኅበሩ ፊት አነበበችና፣ "አንድ በርሜል ሽንኩርት ከምንልካቸው የኬክ ሣጥኖች ጋር ይሂድልኝ" አለች።

"ከኬኩ ጋር?" አሉ ወይዘሮ ሎቪና። "እትዬ ኬቱራ፣ ሽታውን ያስቡት እንጂ። የታመመ ልጅ ኬክ ልቁረስ ሲል ሽንኩርት ሽንኩርት ቢለው ምን ይሰማዋል?"

"ጥርስ የለውም እኮ እመቤቴ። ኬኩንም አይቆርሰውም።"

"ይልሰዋላ" አለች የፓስተሩ ሚስት፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

በዚያው ቀን ሌላ ጉዳይም ነበር። የየከተማውን እርዳታ የሚሰበስበው ትልቁ ድርጅት፣ "ሣጥኖቻችሁ ላይ የከተማ ስም አትጻፉ፤ ለተቸገረው ሁሉ ይዳረስ" ብሎ ጽፎ ነበር። ወይዘሮ ሎቪና ይህን አንብበው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "የእኔን ማርማላታ የሌላ ግዛት፣ የኦሃዮ ሰው ሊልሰው?" አሉ። ከዚያ "ለሃርሎ ልጆች ብቻ" ተብሎ ይጻፍ የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ኬቱራ ነበረች። አይፈረድባትም፤ በዚያች ሰዓት ዓይኗ ላይ የነበረው አንድ አፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ዕቃው ከሌላው እንዳይደባለቅ አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዷን የወንዝ መርከብ ያጥወለውላታል፤ የአንዷ ባል ከሌላ ሰው እጅ አይበላም፤ ወይዘሮ ሎቪና ደግሞ ለአገሪቱ እዚሁ ሆነው መጸለይ ይበጃል አሉ። ኬቱራ እሄዳለሁ ስትል የሽንኩርቱ ነገር ወዲያው ተፈቀደ። በርሜሉ ብቻ ከኬኩ ራቅ ብሎ፣ ከመርከቡ ኋላ ከበቅሎዎቹ ጋር እንዲጫን ተወሰነ።

መርከቡ አሸዋ ላይ በወጣ ጊዜ የማርማላታው ማሰሮዎች ተሰባበሩ። ኬኩ፣ ማኅበሩ በጥልፍ ያስጌጣቸው ነጠላ ጫማዎች፣ ያ መጠጥን የሚያወግዝ ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ ተለወሰ። ንብ ወረረው። ሽንኩርቱ ከበቅሎዎቹ ጋር በሰላም ደረሰ።

ኬቱራ በልጇ አልጋ አጠገብ ሁለት ጊዜ አልፋ ሄደች። አላወቀችውም። እሱ ነው፣ "እማ፣ በሽታው አንቺን ደግሞ ዓይንሽ ላይ ያዘሽ?" ብሎ የጠራት። ለማልቀስ ጊዜ አላጠፋችም። በርሜሉን አስከፍታ፣ ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፋ በማንኪያ አጎረሰችው። ለሌሎቹ ሦስት የሃርሎ ልጆችም ሰጠች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ በላዩ ተቀመጠች፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ።

ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሰው ነበር። ሽታው ሲደርሳቸው ሁሉም ቀና ቀና አሉ።

"እማማ፣ እኔም የተወለድኩት ሃርሎ ነው" አለ አንዱ። "እናቴ ናት ደብቃ ያልነገረችኝ።"

"እኔ ደግሞ ከሃርሎ አገባለሁ" አለ ሌላው። "ዛሬውኑ አንዷን ያጩልኝ፣ መልኳን አልጠይቅም።"

"በዚህ ጥርስህ?" አለች ኬቱራ። ሁሉም ሳቁ። ሳቋ ቢያመልጣትም ከበርሜሉ ግን አልተነሳችም።

ሐኪሙ መጥቶ በርሜሉን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣ "ለአራቱ ሁለት ወር ይበቃል። ለስልሳው አራት ቀን" አላት። "የርስዎ ነው፤ አላዝዝዎትም። ልጅዎ ግን የሚድነው በአራት ቀን አይደለም፤ ይህንንም ይወቁት።"

በማግስቱ ማንኪያውን ስትዘረጋለት ኤልካና አፉን ገጠመ።

"ብላ እንጂ።"

"መጀመሪያ ለጆተም። ያ ደብዳቤ ባይጻፍ አንቺም እዚህ የለሽም።"

ጆተም ከዊስኮንሲን የመጣ ቀይ ጢማም ነው። ከትናንት ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ እንዳያይ ይመስላል።

"ይህን ሁሉ መንገድ ለዊስኮንሲን ብዬ አልተሸከምኩም" አለች።

"የሱም እናት እዚያ ሆና ለስታብስ ልጅ አልልክም እያለች ነዋ። ተያይዘን ማለቃችን ነው። ደግሞ እማ፣ ሃምሳ ስድስት ሰው አፍ አፌን እያየኝ እንዴት አድርጌ ልዋጥ? ለኔ ያልሽውን እነሱ በዓይናቸው ጨርሰውታል።"

ኬቱራ ተነሳች። ኮስተር እንዳለች ክዳኑን አነሳችና ከጆተም ጀመረች። እየዞረች ለእያንዳንዱ ስታጎርስ፣ "በኮምጣጤው እንዳትታነቅ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

በአራተኛው ቀን በርሜሉ ባዶ ሆነ። ልጇን ተቀምጣ ብታስታምመው ሽንኩርት የለም፤ ሽንኩርት ልታመጣ ብትሄድ ማን ያውቃል፣ ስትመለስ በሕይወት ላታገኘው ትችላለች። ግንባሩን ሳመችውና ሄደች።

ሃርሎ ስትደርስ ወይዘሮ ሎቪና ነጠላ ጫማዎቹ ያስገኙትን ደስታ ለማኅበሩ ሪፖርት እያደረጉ ነበር። ኬቱራ እስኪጨርሱ ጠብቃ ቆመችና ያየችውን ተናገረች። ሽንኩርት እንስጥ፣ በርሜሉ ላይ ምንም አንጻፍ አለች። እጅ ይውጣ ተባለ። ከራሷ በቀር ያወጣ የለም።

ከሰዓት በኋላ ግን የየቤቱን የጓሮ በር ስታንኳኳ ነገሩ ሌላ ሆነ። የፓስተሩ ሚስት አንድ ጆንያ አወጣችላትና፣ "ለሎቪና እንዳትነግሪብኝ" አለቻት። ቀጥሎ ያለችውም እንዲሁ። አሥራ ስድስት ቤት አሥራ ስድስት ጊዜ ይህንኑ ሰማች። በመጨረሻ የራሳቸው የወይዘሮ ሎቪና ሠራተኛ ሁለት ጆንያ በጋሪ እየገፋች መጣች። "እመቤቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም በይ ብለውኛል" አለች። በአደባባይ የነፈጉትን ከጓሮ እየሰጡ እርስ በርስ ተደባበቁ፤ ከተማችን እስከ ዛሬ ደግ የሚባለው በዚያ ነው።

አሥራ አንድ በርሜል ይዛ ከሆስፒታሉ በሄደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተመለሰች። ዘጠኝ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ወደ ልጇ አልጋ አልሮጠችም፤ ወደዚያ እንኳ አላየችም። በሩ አጠገብ በርሜሉን አስከፍታ ማደል ጀመረች። መራመድ የቻሉት ሳህናቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ጆተም ሦስተኛ ነበር። ሰልፉ መሀል፣ በምርኩዝ ተደግፎ፣ አራት የፊት ጥርስ የጎደለው አንድ ከሲታ ልጅ ሳህኑን ዘረጋላት።

"ተለቅ ያለውን አድርጊልኝ እንጂ እማ።"

"ቀጥሎ ያለው" አለች፣ የደረሰውን አንድ ሽንኩርት ሳህኑ ላይ አስቀምጣ።

ሰው ጨካኝ ናት ብሎ አወራባት፤ ሆን ብላ ትንሹን ሰጠችው ተባለ። ከብዙ ዓመት በኋላ እሷ እንደነገረችን ግን፣ ተራው ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ነው እጇን በርሜሉ ውስጥ የሰደደችው። ብታይ ኖሮ ትልቁን ትመርጥለት ነበር።