ያላላኋቸው ሁለት ክሮች

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጨዋታችንን የምጀምረው እኔ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ጉራም ቢሆን ከዚህ ሌላ የምጎርርበት የለኝም።

በኢሕአዴግ ዘመን፣ ወልድያ ላይ ባጃጅ መብዛት በጀመረበት ሰሞን፣ ሦስት ሆነን እንጫወት ነበር። መሰንቆ የሚመቱት ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔንም ክራር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዋሽንት የሚነፋው የግራና ከተማ ሰው ነው፤ ሶላት ሲደርስ ዋሽንቶቹን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ይነሳል፣ እኛም እስኪመለስ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። ክራሩ የኔ ነበር። ጭፈራ የለን፣ ከበሮ የለን፤ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው ጨዋታ ነው የኛ። ሆቴል ውስጥ፣ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አንዳንዴም ሰው ቤት እንጠራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በወጣት ማዕከሉ አንዲት ክፍል ውስጥ ልጆች እናስተምራለን።

አባባ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው ሰው ፊት መቃኘት ክልክል ነው፤ እንግዳ ፊት ቆሞ እንደ መልበስ ይቆጥሩት ነበር። ሁለተኛው የጀመረውን ሰው መከተል ነው። «የጀመረው ቢሳሳት እንኳ አብራችሁት ግቡ። ብቻውን ተሳስቶ የሚቀር ሰው አልፈልግም» ይሉናል። የምጀምረው እኔ ስለነበርኩ ይህ ሁለተኛው ሕግ በጣም ይመቸኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ የመርሳ ልጅ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎንበስ ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመ፣ ኖታ የሚባል መስመር በመስመር የሆነ ወረቀት ከቦርሳው አወጣና የራሱን ክራር መጫወት ጀመረ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ስጫወት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዓይናቸውን የጨፈኑት ሁለት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬያለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ቀናሁ አላልኳትም። «ጣቱ ይሮጣል እንጂ ነፍስ የለውም» አልኳት። ሽሮውን እያማሰለች «ነፍስ ከሌለው ታዲያ አንተን ምን አሳሰበህ?» አለችኝ። እራቴን ሳላናግራት በላሁ።

ልጁ ከኛ ጋር መጫወትም ማስተማርም ጀመረና ነገሩ እየባሰብኝ ሄደ። ልጆቹ እኔን ጋሼ ነው የሚሉኝ፣ እሱን ግን በሁለተኛው ሳምንት ቲቸር ማለት ጀመሩ። አምስት ወር ሙሉ ጣቷን ይዤ ያስተማርኳት አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀን ስገባ በርጩማዋን ወስዳ እሱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰላም አለችኝ፣ ፈገግም አለችልኝ፣ ግን አልተነሳችም። እሱ ምንም ያጠፋው ነገር የለም። ይኸው ነው ያንገበገበኝ። ትዕቢተኛ ቢሆን፣ ቢያንስ አርፍዶ ቢመጣ፣ ልጠላው የምችልበት ደህና ምክንያት አገኝ ነበር። እሱ ግን ከኔ ቀድሞ መጥቶ ክፍሉን ጠርጎ ይጠብቀኛል። ክራሩን ከጨዋታ በፊት ለኔ ሰጥቶ «ጋሼ፣ የእርስዎን ጆሮ የሚያህል የለም፣ ይቃኙልኝ» ይላል። የሁሉንም ክራር የምቃኘው እኔ ነበርኩና አልዋሸም፤ እኔ ግን እንደ ሽርደዳ ነበር የምሰማው።

በዚህ መሃል አባባ ዓይናቸው ደከመ። ሐራ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ እንደሆነ ነገሩንና «ወንበሬን ከመርሳው ጨዋታ በኋላ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ» አሉ። ወንበራቸው ማለት ጨዋታውን መምራት ማለት ነው፣ የቅዳሜውንም ክፍል መያዝ ማለት ነው። ለኔ ከዚያ ወንበር ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረም። ሚስቴም ታውቃለች፣ ጎረቤትም ያውቃል፣ ፊቴን ያየ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የመርሳው ጨዋታ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፣ የወላጆች ቀን። ከወልድያ በሚኒባስ ስንወርድ ሲሪንቃ ላይ አባባ ወደ ኋላ ዞር ሳይሉ «ዛሬ እሱ ይጀምር። አገሩ ነው፣ እናቱም ይመጣሉ» አሉ። ዋሽንተኛው «ጥሩ ነው፣ ኢንሻአላህ» አለ። እኔም ጥሩ ነው አልኩ። እስከ መርሳ ድረስ በመስኮት ማንጎና ብርቱካን የሚሸጡትን ሴቶች እያየሁ ሄድኩ፤ አንዷንም አላስታውስም።

የተዘጋጀንበት ክፍል የኳስና የመረብ ዕቃ ቤት ነበር። አባባና ዋሽንተኛው ወደ አዳራሹ ቀድመው ነበር፤ ልጁ ክራሩን ሰጠኝና እናቱን ሊቀበል ወደ በሩ ወጣ። የምንጀምረው በሙሉ ትዝታ ቅኝት ነበር። ቃኘሁለት፤ አንድም እንከን አልነበረውም። ከዚያ በመስኮቱ ሳይ እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስሙታል። መቃኛውን መልሼ ያዝኩ። አንዱን ክር አላላሁት። ሌላውንም አላላሁት። ጨዋታው እንዲበላሽበት ነበር የፈለግሁት፤ እናቱ ፊት፣ አገሩ ላይ፣ አባባ እየሰሙ። እጄ ግን መቃኛውን ቶሎ አልለቀቀም፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ ሲል ቆየና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለምን እዚያ እንደቆመ ያኔ አላሰብኩበትም። ልጁ ተመልሶ ሲመጣ ክራሩን ሰጠሁት፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጁ ተቀመጠና አንድ ጊዜ ክሮቹን ዳበሳቸው። ጣቱ ቆመ። ሰምቶታል። ሰው ፊት መቃኘት ክልክል ነው። ወደኔ ያያል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ግን አላየኝም። ቀስ አድርጎ ግማሽ ትዝታ ጀመረ።

ሙሉ ትዝታ ላይ ሁለት ክሮች በልክ ዝቅ ካሉ ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ሆድ የሚያባባው ቅኝት እሱ ነው። ለልጆቹ በየቅዳሜው የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ያበላሸሁት መስሎኝ ቃኝቼለት ኖሯል።

አባባ ጣታቸውን በመሰንቆው ጭራ ላይ ትንሽ አንቀሳቅሰው ተከተሉት። ዋሽንተኛው የያዘውን ዋሽንት አስቀምጦ ከከረጢቱ ሌላ መዘዘና ገባ። የኔ ክራር ብቻ ሙሉ ትዝታ ላይ ቀረ። ሁለቴ መታሁ፤ ሁለቴም እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ መሃላቸው ገባ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ዞር ብለው አዩኝ። መዳፌን ክሮቹ ላይ አሳረፍኩና እስከ መጨረሻው ድረስ ሕዝብ ፊት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ግን አማረ። ይህን መናገር ዛሬም ያመኛል፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተጫውተን አናውቅም። እናቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያስለቀሳቸው የኔ ቅኝት ነው፣ ምስጋናው የሱ ነው ብዬ እዚያው ተቀምጬ እንደገና ቀናሁ።

ስንወጣ አባባ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ጠሩን። ልጁ ቀደመኝና «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልሞክረው ይዤው ገባሁ» አለ። አባባ አላዩትም። ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«ሁለቱን በልክ ነው ያላላሃቸው» አሉኝ። «ክፋት እንኳ ስትሠራ ጆሮህ የጎደለ ነገር አልተወልህም። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን ሰው ፊት ገድሎት ነበር።»

ዋሽንተኛው መሬት መሬት ያያል። ልጁ የክራሩን ማንገቻ ያጠባብቃል፤ ደግነቱ ራሱ አስቀናኝ።

«ወንበሩን እሱ ይይዛል» አሉ አባባ። «መቃኘቱ ያንተ ነው። የልጆቹንም፣ የሱንም።»

«የሱንም?» አልኳቸው።

«በተለይ የሱን» አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሐራ ሄዱ። ቤቴ ልቀር ነበር፤ ሚስቴ ናት «ቅዳሜ ቤት ተቀምጠህ እኔን ልትቃኘኝ ነው?» ብላ ያስወጣችኝ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። መንደሩ ሁሉ ቲቸር ይለዋል፤ ጎበዟ ልጅም የሱን አጨዋወት ይዛ ወጣች፣ ወልድያ ውስጥ የምትጫወተውን ስሰማ የኔን ጣት ፈልጌ አጣሁት። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ለምዶኝ ነው እንጂ ዛሬም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ጠርጎ ይጠብቀኛል። ክራሩን በሁለት እጁ ይሰጠኛል፣ «ይቃኙልኝ ጋሼ» ይላል፣ ልጆቹን ሊጠራ ይወጣል። ብቻዬን እቀራለሁ። አንዳንድ ቀን ጣቴ መቃኛው ላይ ብዙ ይቆያል። ሲመለስ እሰጠዋለሁ፤ ተቀብሎኝ ልጆቹ ፊት ይቀመጣል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይጀምር አንዱን ክር ነካ አድርጎ ሲሞክር አላየሁትም።