የጭምቱ አረንጓዴ መስመር

«ጭምቱ» ቅጽል ስሙ ነው፤ ያወጣችለትም እናቱ ናት። «ይሄ ልጅ ሲወለድ እንኳ ያለቀሰው አዋላጇ ተቆጥታው ነው» ትላለች። ካገባም በኋላ አልተሻለውም። ሚስቱ ገበያ ስትልከው ይሄዳል፣ ይገዛል፣ ይመለሳል፤ በመሃል ደረስኩ የለ፣ ዘገየሁ የለ። ቢደወልለት አያነሳም። ዕቃውን ወጥ ቤት ሲያስቀምጥ ነው በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው።

የሠራው ፕሮግራምም ቁርጥ እሱን ነበር። ጭምቱ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ያውም በኮንትራት። ጣቢያው ከድሮ ካሴት የተገለበጡ በሺህ የሚቆጠሩ የድምፅ ፋይሎች አሉት፤ ፕሮግራሙ እነሱን አንድ በአንድ እያነሳ ኮሽታቸውን ያጠራል። ጭምቱ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፣ ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር መስኮትና ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት ብቻ። ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ ጭጭ ነው። «ችግር ከሌለ ምን ያስለፈልፈዋል?» ባይ ነው ጭምቱ።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት «የት ደረሰ» ይላቸዋል፤ ከአፋቸው የማይጠፋ ጥያቄ ነዋ! አንድ ቀን ጥቁሩን መስኮት አዩና «ይሄ ነገር ሞቷል፣ አጥፉት!» አሉ። ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሥራ ገደል ገባ። በሌላ ቀንም እንዲሁ አደረጉ። አልበቃ ብሏቸው ጭምቱን ጠሩና «አንተ ልጅ፣ ኮንትራትህ ሊያልቅ ነው። ቋሚ የምናደርገው ደግሞ ሥራው የሚታይ ሰው ነው» አሉት።

ቤት ሲገባ ለሚስቱ ነገራት፤ መናገሩ ራሱ ጉድ ነው። እሷ ግን አላዘነችለትም።

«እሰይ፣ ይበልህ! እኔ ስንት ዓመት የጮህኩበትን አለቃህ አሉልኝ። ሰውን የሚያቃጥለው መጠበቁ አይደለም፣ ወሬ ማጣቱ ነው።»

ጭምቱ ሐቀኛ ነውና፣ ሥራው የት እንደደረሰ በመስኮቱ ላይ የሚያሳይ ሐቀኛ መስመር ሠራ። አንድ ፋይል ባለቀ ቁጥር አረንጓዴው መስመር ትንሽ ይረዝማል፣ በመቶ ስንት እንደደረሰም ከጎኑ ይጻፋል። ታዲያ አጫጭር ማስታወቂያዎች ላይ ሲደርስ መስመሩ ይፈተለካል፤ ረጅም ድራማ ሲገጥመው ቀጥ ይላል። «ምነው ቆመ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ እጃቸው ወደ ማጥፊያው እየሄደ። አልቆመም ቢል ማን ሊሰማው።

ጭምቱ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉን ትቶ ሰዓት እያየ የሚሄድ መስመር ሠራ። ሥራው ፈጠነም ዘገየም፣ መስመሩ ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ ድረስ እንደ ሙሽራ ዝግ ብሎ ይራመዳል።

ሥራ አስኪያጁ በደስታ አበዱ። ወንበር አስመጡ፣ የክፍል ኃላፊዎችን ሰበሰቡ። «ተመልከቱ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ሁሉም የራሱን ሥራ ትቶ የጭምቱን ሥራ ሲያይ ዋለ። ፕሮግራሙ ግን ገና በምሳ ሰዓት ሁሉንም ጨርሶ ቁጭ ብሏል፤ መስመሩ ደግሞ ሃምሳን አላለፈም። ጭምቱን ላብ አጠመቀው። አልቋል ቢል የመስመሩ ውሸት ሊወጣ ነው፣ ኮንትራቱም አበቃለት። ዝም አለ፤ በዝምታ ደግሞ ማን ይስተካከለዋል!

ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ። «ኧረ በፈጠራችሁ!» ብለው ሁሉም ጮኹ። ገንዘብ ያዧማ እንባዋ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጭምቱን ትከሻውን አቀፉት።

«አይዞህ የኔ ልጅ! ይሄን ሁሉ ለፍተህ! በቃ፣ ነገ ከዜሮ ትጀምራለህ። የቋሚነት ደብዳቤህን ግን ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ልፋትህን በዓይናችን አይተናል።»

ጭምቱ እጅ ነሳ።

በማግስቱ መስመሩ ፊት ተቀመጠ። ፋይሎቹ ትናንት በምሳ ሰዓት አልቀው ስለተቀመጡ ከጀርባው የሚሠራ አንድም ነገር የለም፤ አረንጓዴው ግን ይራመዳል፣ ኃላፊዎቹም በበሩ ብቅ እያሉ «በርታ!» ይሉታል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲለፋ ማን አየው? ይሄኔ ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት። ሁለተኛ እስኪጮህ እንኳ አልጠበቀም።

«የት ደረስክ?» አለችው።

«ሰላሳ ሁለት በመቶ» አለ ወዲያው።

«ተመስገን!» አለች። «አሁን ገና ባል አገኘሁ።»