ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ቢተው

ጋሽ ቢተው ጠዋት ጡሩምባ ነፊ፣ ቀን ሽንኩርት ሻጭ ነበሩ። ሾላ ገበያ አጠገብ ባለው ሰፈራችን ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ተነሥተው በየማዕዘኑ እየቆሙ ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራሉ። ድምፃቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሚያምር አልነበረም። «ቢተው ሲጠራ ሟቹም ይደነግጣል» እያልን እንሥቅ ነበር። እኔ ካሳዬ የእድሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ ዋናው ተራቢ እኔ ነበርኩ።

ጡሩምባውን አፋቸው ላይ ከማድረጋቸው በፊት ወደ የካ ሚካኤል ዞረው ያማትባሉ። «ጌታዬ፣ ዛሬም እንደ ፈቃድህ እንጂ እንደ ፈቃዴ አይሁን» ይላሉ። ሽንኩርቱ ቢበሰብስ ያችኑ፣ ጣራው ቢያፈስ ያችኑ። ሚስታቸው በወሊድ የሞተች ዕለት ራሳቸው ነፍተው፣ ራሳቸው ስሟን ጠርተው፣ ያችኑ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ ፈጣሪውን አያኮርፍም? ከዚያ በኋላ የቀራቸው ብርሃነ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ያ ክፉ ጊዜ ሰፈራችን ገባ። መጀመሪያ የወደቀው የበርበሬ ነጋዴዋ የእትዬ ፈለቀች ልጅ ሽፈራው ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ሬሳውንም ለእናቱ አልሰጧቸውም። የቀበሌው ሊቀ መንበር የእድሩን ሹማምንት ጠርቶ፣ «ለፀረ አብዮት ጡሩምባ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። የነፋለት ይከተለዋል!» አለን። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

ጋሽ ቢተው አልነፉም። በሦስተኛው ቀን ግን እኔን አስከትለው ሊያጽናኑ ሄዱ። እትዬ ፈለቀች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ።

«ፈለቀች እህቴ፣ ፈቃዱ ነው፤ ቻይው» አሏቸው።

እትዬ ፈለቀች ቀና አሉ። «የማን ፈቃድ ነው ጋሽ ቢተው? የእግዜር ነው የሊቀ መንበሩ?»

ጋሽ ቢተው ጎንበስ ብለው መሬት የወደቀውን በርበሬ ለቅመው አቀበሏቸው። ከዚያ ወጣን።

እትዬ ፈለቀች ጥቁር እንዳይለብሱ ስለተከለከሉ በነጭ ነጠላቸው ገበያ ይውላሉ። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» ማለት ፈርቶ የበርበሬ ዋጋ ጠይቋቸው ያልፋል። እኔም ጠይቄ አልፌአለሁ። ጋሽ ቢተውም ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ሚካኤል ዞረው ያማትባሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም።

አራት ወር አለፈ። ብርሃነን ከቤት ወሰዱት። በሳምንቱ አንድ አብዮት ጥበቃ ገበያ መሐል መጥቶ፣ «ልጅህን አትጠብቀው፤ እርምጃ ተወስዶበታል» አላቸው። ጋሽ ቢተው ሽንኩርታቸውን እዚያው ትተው ቤቴ መጡ።

«ካሳዬ፣ ነገ እነፋለሁ።»

«ይገድሉዎታል! እንደ ፈቃድህ የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ለእግዚአብሔር ይተዉት እንጂ።»

«መቼ ተውኩለት? ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ፈቃዱ ነው እያልኩ ስሸፋፍን ከረምኩ። እሱ ልጆቻችሁን እንደ ውሻ ጣሏቸው፣ ስማቸውንም አትጥሩ ብሎኛል? እኔን ያዘዘኝ የሞተን ሰው ስም እንድጠራ ነው። እሷ ብቻ ነች የእኔ ድርሻ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል።»

ይህን ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ግን እያለቀስኩም እንዳይነፉ ለመንኳቸው።

ሊነጋጋ ሲል ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ የብርሃነን ስም ጠበቅሁ።

«የእድር ሰዎች ስሙ! የፈለቀች ልጅ ሽፈራው አርፏል! ውጡና አልቅሱለት!»

በየማዕዘኑ እንዲሁ ብለው ጠሩ። ያ የሣቅንበት ጎርናና ድምፅ ያን ቀን ማንንም አላሣቀም። በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ እትዬ ፈለቀች ግቢ ገቡ። እትዬ ፈለቀች አራት ወር የታመቀውን እንባቸውን በአንድ ጊዜ ለቀቁት፤ «ሽፈራውዬ! ልጄ! ሞትክብኝ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ያ ሁሉ ሰው ስማቸውን እየጠራ «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። እኔ የደረስኩት ከሁሉ በኋላ ነው።

ጋሽ ቢተው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጠጋ ብዬ፣ «የብርሃነን ስም ለምን አልጠሩም?» አልኳቸው።

«የቀደመው ሽፈራው ነዋ። ቀድሞ የሞተን አልፎ የሚጠራ እድር የት አለ? የእኔን ነገ እጠራዋለሁ» አሉ። ከዚያ ጡሩምባውን አቀበሉኝ። «ያዝልኝ፣ እንዳይወስዱብኝ።»

ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁት። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃዎቹ መጡ። «ማነው የነፋው?» ብለው ሳይጨርሱ ጋሽ ቢተው ተነሡ። አማተቡና ሳይገፈትሯቸው ቀድመዋቸው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እኔ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር፣ ጡሩምባውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። በሩ በቀስታ ተንኳኳ። እትዬ ፈለቀች ናቸው።

«ካሳዬ» አሉኝ በበሩ ስንጥቅ፣ «ዛሬ የብርሃነ ተራ ነው።»

ጡሩምባውን ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁት። ትንሽ ጠበቁኝ። ደግመው አንኳኩ። እኔ ግን አልከፈትኩላቸውም።