መድኃኒቴን ዓሣ ሻጩ ያሳደረልኝ ጊዜ

በመጀመሪያው አብዮት ደም ሰጠሁ፤ መድኃኒቴ የደረሰኝ በሁለተኛው ነው። በመካከሉ ካይሮ መንግሥት ስትለዋውጥ እኔ አርድ ኤል ሊዋ የሚባል ሰፈር ተቀምጬ፣ አንዳች ሳያመኝ፣ ቫይረስ አስታምም ነበር።

ሰልፈኛው በተሰበሰበበት አደባባይ ላይ ሰው በቆሰለበት ሰሞን የሰፈራችን መስጊድ በድምፅ ማጉያ «ደም ያለው ሁሉ ይምጣ» ብሎ ጠራ። አብራኝ የምትኖረው የድሬዳዋ ልጅ «ደም የሌለው ደግሞ ማነው?» ብላ ሳቀችና ሻሿን አስራ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። የውጭ ዜጋ ሁሉ ሰላይ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ደም ስንሰጥ ግን ከየት ናችሁ ያለን የለም። አንዲት ነርስ እንዲያውም የማንጎ ጭማቂ ሰጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ጥቂት ቀን ቆይታ የደወለችልኝም እሷው ናት።

«ደምሽን ጣልነው» አለችኝ። «ማሌሽ፣ አይዞሽ። ቫይረስ ሲ አለበት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጉበት ላይ የሚቀመጥ ነው። አትደንግጪ፤ እኛ አገር ቫይረስ ሲ የሌለበት ቤተሰብ ቢፈለግ አይገኝም። አባቴ አለበት፣ አጎቴ አለበት። ያዕኒ፣ ማለቴ አሁን የቤት ልጅ ሆነሻል።»

ሰው በዚህ መንገድ ግብፃዊ ሲደረግ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ከየት እንደያዘኝ እስከዛሬ አላወቅሁም። የልጅነት መርፌ ይሁን፣ የጥርስ ነቃይ ጉጠት ይሁን፣ ማን ያውቃል። የምሠራው ልብስ መተኮሻ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እተኩሳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ምንም የታመመ ሰው ስሜት የለኝም። ስለዚህ አንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ተራ ያዥ ሲለኝ ያዝኩና ረሳሁት። ተራዬ የደረሰው መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት፣ አገሩ ሁለተኛ ጊዜ በሚተራመስበት በጋ ነው።

የክሊኒኩ ሐኪም ከእኔ የምታንስ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሴት ነበረች።

«ኢንተርፌሮን ነው የምንሰጥሽ» አለችኝ። «በራሱ ቫይረስ አይገድልም። መልእክት ነው። አንድ የጉበት ሕዋስ ቫይረስ ሲገባበት ለጎረቤቶቹ ‹ሌባ! ሌባ! በራችሁን ዝጉ› ብሎ የሚያሰማው ጩኸት በይው።»

«የኔዎቹ እስከዛሬ አልጮሁም ማለት ነው?»

«ጮኸዋል እንጂ። ምናልባት አሁንም እየጮሁ ይሆናል። ለዓመታት ሲጮህ ግን ጎረቤት ይለምደዋል። ቫይረሱም ይለምደዋል።»

«ታዲያ አሁን የምትሰጡኝ . . .»

«ተጨማሪ ጩኸት» አለችና ራሷ ሳቀች። «አንዳንዱ ሰው ላይ ይሠራል። ጉበቱ ድሮውኑ በጩኸት የተሞላ ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሳንሞክር አናውቅም። እስከዚያው ያተኩስሻል፣ ያናድድሻል፣ በሆነ ባልሆነው ያስለቅስሻል።»

«ቫይረሱ ነው የሚያስለቅሰኝ?»

«የለም። ቫይረሱ ምን አደረገሽ? የሚያስለቅስሽ መከላከያሽ ነው።»

ማይክሮባስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይህንን ለድሬዳዋዋ ልጅ በስልክ ሳስረዳት፣ «እና ያላመመሽን በሽታ ለመዳን ልትታመሚ ነው?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ከሐኪምም አልሰማሁም።

መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ነበረበት። የኛ ማቀዝቀዣ በሩ በገመድ የሚታሰር ነው። ምድር ቤት የምትኖረው አከራያችን ሐጃ ግን ትልቅ፣ ነጭ፣ እንደ ቁም ሣጥን የሚከበር ማቀዝቀዣ አላት። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋት። በሩን ከፈተችና ከላይ ያለውን ባዶ መደርደሪያ አሳየችኝ።

«የባሌ የኢንሱሊን ቦታ ነበር» አለችኝ። «ከሞተ ወዲህ ምንም አላስቀመጥኩበትም። የሚመጥነው ነገር አላገኘሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌዎቹ ከእኔ ይልቅ የሐጃ ሆኑ። ጎረቤት ሲመጣ ትከፍታለች፤ ታሳያለች፤ ቶሎ ትዘጋለች፤ «ቅዝቃዜው እንዳይወጣ» ትላለች። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ለመወጋት ስወርድ ሁለት ሦስት ሴቶች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። መርፌውን የምትወጋኝ የፋርማሲዋ ልጅ ስትጨርስ ያጨበጨቡበት ቀን አለ።

ዓርብ ዓርብ ትኩሳቱ ይመጣል። ጉንፋን የሌለበት የጉንፋን ብርድ ነው፤ በካይሮ በጋ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እሱስ ቻልኩት። የከፋው ጠባዬ ነው። አንድ መምህር ደንበኛ አለን፤ ኮሌታዋ ተገልብጣ የተሰፋች ሰማያዊ ሸሚዝ ዘወትር ያመጣል። አንድ ቀን ያቺን ሸሚዝ ዘርግቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አሠሪዬ ያቃጠልኩ መስሎት ሮጦ መጣ። ሸሚዟን አገላብጦ ምንም አጣባት።

«ምን ሆነሻል?»

«ኮሌታዋ . . . ታሳዝናለች።»

አሠሪዬ ሸሚዟን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደና ራሱ ተኮሳት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ፖለቲከኛ መሆኔ ነው። በሰው አገር ጉዳይ አፌን ከፍቼ የማላውቅ ሰው፣ ጠዋት የአንዱ ወገን ደጋፊ ሆኜ እነሣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሌላው። በረንዳ ላይ ወጥቼ ከሚያልፈው ሰልፍ ጋር ስከራከር የድሬዳዋዋ ልጅ በቀሚሴ ጎትታ አስገባችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን እንኳ አልታደሰም! ምን አገባሽ?»

«ዝም ልበል? ሕዝቡ እየተታለለ?»

«የትኛው ሕዝብ? ጠዋት እነዚህኑ ስትረግሚ አልነበር?»

ልክ ነበረች። ያም ሌላ ለቅሶ አስለቀሰኝ።

የሰዓት እላፊው የታወጀ ሰሞን አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሐጃ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ማቀዝቀዣዋ ሞቋል፤ መርፌዎቹን የከተተችበት የበረዶ ማቆያ ሣጥን ይዛለች። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ እህቷ ቤት መብራት አለ ተብሏል፤ ሰዓት እላፊው ሳይገባ እንሂድ አለችኝ። ቱክቱክ ይዘን ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ፖሊስ ስለጠፋ ሰፈሩን ራሳቸው የሚጠብቁ ሰዎች ወንበርና ጎማ ደርድረው መንገዱን ዘግተዋል። አንዱ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ አንዱ የቧንቧ ብረት ይዟል፤ አንዱ ደግሞ የሠርግ ጭፈራ ሰይፍ ይዞ በጣም ኮርቷል።

«ሐበሻ ነሽ?» አለኝ ባለ ሰይፉ። «ውኃችንን ልትገድቡ ነው አሉ!»

ሐጃ በእሱ ላይ ልትነሣ ስትል ባለ ብረቱ ሣጥኑን ከፈተና መርፌዎቹን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ከመቀመጫዬ ወርጄ ቆምኩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ኢንተርፌሮን» አልኩ።

ቢላዋ የያዘው፣ በኋላ የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኑን የነገረኝ ሰው፣ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስንተኛሽ ነው?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«ሁለተኛ ወሩን ጨርሻለሁ።»

«ያስለቅስሻል?»

«በሸሚዝ አልቅሻለሁ።»

«እኔ በኳስ ጨዋታ አለቀስኩ» አለ። «ቡድናችን አሸንፎ!»

ከዚያ ሁሉም ተናጋሪ ሆነ። የባለ ብረቱ እናት አለባት። የቱክቱኩ ነጂ ወንድም ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አቋርጧል። ባለ ሰይፉ ተመርምሮ አያውቅም፤ ግን ጉበቱን በእጁ ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አስተማሪው ሣጥኑን ዳሰሰና «በረዶው አልቋል!» ብሎ ጮኸ። ባለ ብረቱ ምንም ሳይጠይቅ የመብራት ምሰሶውን መቀጥቀጥ ጀመረ። ሌባ ሲገባ የሚመታው እንደዚያ ነው። ሰዉ ከየቤቱ በዱላ፣ በመጥረጊያ እንጨት ወጣ።

«ሌባው የታለ?»

«ሌባ የለም! በረዶ አምጡ! መድኃኒት እየሞቀ ነው!»

በደቂቃዎች ውስጥ የመንደሩ ማቀዝቀዣ ሁሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ። በረዶ መጣ፤ ግማሹ የቀለጠ ባሚያ መጣ፤ አንዲት ሴት በበረዶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሙሉ ዶሮ ይዛ መጣች። አስተማሪው እጁን ዘርግቶ ይከለክላል፤ «መቀዝቀዝ እንጂ መድረቅ የለበትም! ከደረቀ ይበላሻል! ዶሮውን መልሱ!» ባለ ሰይፉ እኔን ቀና ብሎ አየኝና «ውኃችንን ያዛችሁ፣ አሁን ደግሞ በረዶአችንን!» አለ፤ ይህን ጊዜ ግን እየሳቀ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ማንም ምን ሆነች አላለም። አስተማሪው ብቻ «መርፌው ነው፣ መርፌው ነው» እያለ ለሕዝቡ አስረዳልኝ።

ሰዓት እላፊው ሊገባ ሆነ። የእህትዮዋ ቤት ሩቅ ነው። ጄኔሬተር ያለው ዓሣ ሻጩ ብቻ ነበርና መድኃኒቴ በሰልፍ ወደ እሱ ተወሰደ፤ ፊት ባለ ሰይፉ፣ መሐል ሣጥኑን የታቀፈች ሐጃ፣ ኋላ እኔ። ዓሣ ሻጩ ቡሪ የሚባለውን ዓሣና ቲላፒያውን ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠው። ያ የሰዓት እላፊ ዘመን እስኪላላ እዚያው ሰነበተ። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ኢንተርፌሮን ተወጋሁ።

ሦስት ወር ሲሞላ ደሜ እንደገና ተመረመረ። ሐኪሟ ውጤቱን አየችና መነጽሯን አወለቀች።

«ቫይረሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም» አለችኝ። «ኸላስ፣ በቃ እናቁመው። የኔ ጥፋት አይደለም፣ ያንቺም አይደለም።»

ማዘን ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ከራሴ ጋር ብቻ መሆኔ ነው። በሁለት ሳምንቱ ጠባዬ ተመለሰ፤ የማን ደጋፊ እንደሆንኩም ጠፋኝ። ያዘኑት ሌሎች ናቸው። የሐዲዱ ጠባቂዎች ከሐጃ ሰምተው አንድ ዓርብ ብርቱካን ተሸክመው ቤታችን መጡ። የድሬዳዋዋ ልጅ ወንበር ተበደረችላቸው። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተደርድረው ተቀመጡ፤ ባለ ብረቱ «አላህ ያጽናሽ» አለኝ። አስተማሪው የሱ ጉበት መልእክቱን ሰምቶ ቫይረሱ እንደጠፋለት ሊነግረኝ አፍሮ እግሩን ሲያይ ቆየ። ሲነግረኝ ተነሥቼ አቀፍኩት፤ ሁላችንም ብርቱካን ላጥን።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ክሊኒኩ አዲስ እንክብል መጣ ብሎ ጠራኝ። ይኼኛው ማንንም አያስጮህም፤ ቫይረሱ እንዳይራባ ራሱን ቫይረሱን ነው የሚያግደው። ጠዋት በውኃ እውጠዋለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ትኩሳት የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ሰልፍ የለም። ሲያልቅ ሐኪሟ «የለብሽም» አለችኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ወጥቼ ልብስ ስተኩስ ዋልኩ።

ያን ሰሞን በየሰፈሩ ሰው ይመረመር ነበርና ሐጃም አብራኝ ሄዳ ተመረመረች፤ እንዲያው ለወጉ። አለባት ተባለች። ምናልባት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። እሷም እንክብሉን ወሰደች፤ እሷም ዳነች ተባለች። ወረቀቱን ይዛ ቤታችን ወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አላምንም» አለች። «ሳያተኩሰኝ? ሳላለቅስ? አንቺ ያን ሁሉ ሆነሽ ሳትድኚ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ዳንኩ?»

«አልሐምዱሊላህ ይበሉ እንጂ ሐጃ» አለቻት የድሬዳዋዋ ልጅ።

«አልሐምዱሊላህ። ግን እንደገና ይመርምሩኝ።»

በማግስቱ ላቦራቶሪው በር ላይ ተሰልፈን ቆምን። ተራዋ ሲደርስ ደም ቀጂው ቀና ብሎ «ሐጃ፣ አንቺ ድነሻል እኮ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።

ሐጃ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት። «ዝም ብለህ ቅዳ» አለችው።