የአዝራር ጠረጴዛው ወንበር

በስፌት ቤታችን ያረገዘች ሴት ካውያ አትይዝም። እንፋሎቱ ስለሚያደክማት መስኮቱ ስር ካለው የአዝራር ጠረጴዛ ትቀመጣለች። ደንቡ መልካም ነው። እኔን የሚያበግነኝ ኃላፊያችን እትዬ እርግዝናን በዓይናቸው አይተው የሚወስኑ መሆናቸው ነው!

ካውያ ላይ የምትሠራው ጓደኛዬ ካገባች አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አጥብቃ ትፈልጋለች። የወር አበባዋ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጡቷ ይወጥራል፣ ሆዷን ይነፋታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ በሆነ ባልሆነው ታለቅሳለች። እትዬ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል።

«ተነሺ የኔ ልጅ፣ ወደ ወንበሩ! እኔ አራት ወልጃለሁ፤ ዓይኔ አይስትም።»

በአንድ ዓመት አምስት ጊዜ ሳተ። አምስቱንም ጊዜ ስፌት ቤቱ በሙሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ ወሬው አማቷ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ደሟ ሲመጣ አንገቷን ደፍታ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። በአምስተኛው ትዕግስቴ አለቀና እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

የእትዬን ነገር ስነግራት ነርሷ ሳቀች።

«የጡት ሕመም፣ ድካም፣ የሆድ መነፋት፣ ብስጭት በሁለቱም ይኖራል። አራት ወለደች ዐሥር፣ በዓይን የሚለይ የለም። የወር አበባው ከሆነ ደሙ ከጀመረ በኋላ እየለቀቀሽ ይሄዳል። እርግዝና ከሆነ ደሙ ይቀራል፤ ማቅለሽለሽም ሊመጣ ይችላል። ቀንሽ ሲያልፍ በሽንት ተመርመሪ። ከቸኮልሽ፣ ምርመራው ፅንሱ እያለም የለም ሊልሽ ይችላል።»

ከዚያ ወዲህ ቀኗን ካውያው ጠረጴዛ ጎን ላይ በጠመኔ ትጽፍ ጀመር። እትዬ «ተነሺ» ሲሏት «ቀኔ አላለፈም» ብላ ትተኩሳለች። እትዬ አኮረፉ።

«የዛሬ ልጆች! ካሁን በኋላ ምን አገባኝ።»

ከወራት በአንዱ ጓደኛዬ አላለቀሰችም፣ ወገቧንም አልያዘችም። እትዬ ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም። አንድ ሰኞ ጠዋት ካውያውን ነቅላ ፊታቸው ቆመች።

«እትዬ፣ ወንበሩን ፈልጌው ነበር።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ? ፊትሽ ላይ ምንም የለም።»

«ቀኔ ካለፈ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ቅዳሜ ተመርምሬ አለ ብለውኛል።»

እትዬ ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«በእናትዎ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ለአማቴም የምነግራቸው እኔ ነኝ። ይቺን እንኳ እኔው ልናገራት።»

እትዬ ወንበሩን በቀሚሳቸው ጠርገው ሳቡላት። የዓመት ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ የምሰፋውን ኮሌታ ፊቴ ላይ አድርጌ ተንሰቀሰቅኩ።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ።

«አንቺም?» አሉ።